ስንዝር ተነሥቶ የሚቆም ጣሪያ፦ ፓምፑ ነው፣ ዘይቱ ነው ወይስ ሽቦው?

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በመጋቢት ወር ከተሠራ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ገዛሁ። ጣሪያው ሸራ አይደለም፤ ለሁለት ታጥፎ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚተኛ ብረት ነው። የሚያነሣውም የሚያስተኛውም በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮሊክ ነው። ሻጩ ዋጋውን ሲቀንስልኝ ደግ ሰው መስሎኝ ነበር። ለምን እንደቀነሰ የገባኝ ሙቀቱ ሲመጣ ነው።

ቁልፉን ስጫን መስኮቶቹ ይወርዳሉ። የኋላው ክዳን እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። ጣሪያው ስንዝር ያህል ይነሣና ቀጥ ይላል፤ ፓምፑም አብሮ ዝም ይላል። ደግሜ ብጫን መልስ የለም። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ከአምስት ሙከራ አንዱ ይሳካል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፈጽሞ እንቢ ነው። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ሳነሣ ደግሞ በግራ በኩል አረንጓዴ ዘይት አገኘሁ። ብዙ አይደለም፤ የቡና ሲኒ አይሞላም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በዕድል ተከፈተልኝና ጣሪያውን ገልጬ ወጣሁ። ጆርጂያ ጎዳና ላይ እንጀራ ልገዛ በቆምኩበት የበጋው ነጎድጓድ መጣ። ልዘጋው ስል ከተኛበት ስንዝር ተነሥቶ ቆመ። ከሱቁ የወጡ ሰዎች የቆሻሻ ላስቲክ ዘርግተው ወንበሮቹን ሸፈኑልኝ። ጃንጥላቸውን የያዙ አንዲት እናት ቆም ብለው አዩኝና፣ ከእኔ መኪና የእሳቸው ጃንጥላ እንደሚሻል ነግረውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንድ ጋራዥ ሳይፈታ ሳይነካ ፓምፑ ሞቷል አለኝና 2,400 ዶላር ጠየቀኝ። ያገለገለ ፓምፕ በኢንተርኔት 300 ዶላር ይሸጣል። ልግዛው? የመኪናውን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ይህ ዓይነት ጣሪያ በብዙ ፋብሪካዎች መኪና ላይ ስላለ ክርክሩ የስም ክርክር እንዳይሆን ነው።

ምላሾቹ

ክሩ (ለጥያቄዬ የተሰጡት ምላሾች ሰንሰለት) ረዝሟል፤ አንዳንዱ ምላሽም ከመኪና ይልቅ ስለ ጸሐፊው ጠባይ የሚናገር ነው። ስለዚህ አዲስ ለሚመጣ አንባቢ የሆነውን ሁሉ በራሴ ቃል በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፤ ሰዎቹንም በምላሻቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

1. የመጀመሪያው ሰው በትሕትና እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረና ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጓዝን ከጣሪያው የሚለየው መጋረጃ በቦታው ተይዟል ወይ የሚል ነበር፤ እሱ ካልተያዘ ኮምፒውተሩ ጓዝ እንዳይጨፈለቅ ብሎ ጣሪያውን አያንቀሳቅስም። ሁለተኛው፣ ሞተሩን ሳላስነሣ በባትሪ ብቻ እየሞከርኩ እንደሆነ ነው። ፓምፑ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ያረጀ ባትሪ በሥራው መካከል ይደክማል፤ ኮምፒውተሩም ራሱን ለመከላከል ሥራውን ያቋርጣል። ብዙ ሰው ባትሪ መቀየር ሲበቃው ፓምፕ እንደቀየረም አከለ።

2. ይህ የእኔ መልስ ነው። መጋረጃው ተይዟል፤ ሞተሩም በርቶ ነው የሞከርኩት። ፓምፑ እየሠራ ባትሪውን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው ከ13 ቮልት በታች አልወረደም።

3. ከሽቱትጋርት የምትጽፍ እኅታችን ለ11 ዓመት እንዲህ ያለ መኪና እንደያዘች ተረከች። የእሷ ችግር የጀመረው በአናቷ ላይ ነው። ጣሪያውን ከፊት መስታወቱ ጋር የሚቆልፈው ትንሽ ሲሊንደር ከኋላ ማሳያው መስተዋት በላይ ተደብቆ የተቀመጠ ነው። ጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ዘይቱ በመብራቱ ዙሪያ ይንጠባጠባል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየች፤ መጀመሪያ የጠረጠረችው አጠገቧ የነበሩትን ሴትዮ የሎሚ ቀለም ሻማ ነበር። ጎሚኒው በሙቀትና በዕድሜ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል አለች፤ ሲሊንደሩን አስወልቆ፣ ጎሚኒ ብቻ ለሚቀይር ባለሙያ በፖስታ መላክ አዲስ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ወደ እኔ ጉዳይ ስትመለስ ዘይቱ ጎድሏል፤ ሙላውና ይሠራል ብላ ደመደመች።

4. ቀጥሎ የመጣው በቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ 18 ዓመት እንደሠራ የገለጸ መካኒክ ነው። ጥርጣሬ የሚባል ነገር አያውቅም። ችግሩ ፓምፕ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ማስረጃው የጠዋቱና የከሰዓቱ ልዩነት ነው፦ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የተበላ ፓምፕ ቀጭን ዘይት መግፋት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይቆማል። እውነቱን ልናገርና ይህ አነጋገር ማረከኝ። ማታውኑ ያገለገለውን ፓምፕ አዘዝኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

5. አንዱ ከ4 ጋር መስማማቱን ብቻ ጽፎ ሄደ።

6. ሌላው አጎቱ በድሮ የአሜሪካ መኪናው ጣሪያ ውስጥ የፍሬን ዘይት ይጨምር እንደነበር አስታወሰና እኔም እንዲሁ እንዳደርግ መከረኝ።

7. ውይይቱ የሞቀው እዚህ ላይ ነው። የጻፈው ሰው ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት በ6 ላይ ወረወረበት። ከዚያ በኋላ የጻፈው ትምህርት ግን ከስድቡ ይበልጥ ነበርና ልተርከው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ጣሪያቸው በእርግጥም በፍሬን ዘይት ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ አጎትየው አልተሳሳቱም። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ሌሎቹ ደግሞ የእኔን ዓይነት አረንጓዴ የሃይድሮሊክ ዘይት ይጠቀማሉ። ለአረንጓዴው ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይበጣጠሳል። ያን ጊዜ አንድ ሲሊንደር ሳይሆን ሁሉም ማፍሰስ ይጀምራሉ። 3ንም አልማራትም፦ ዘይት ከመሙላት በፊት ጣሪያው በየትኛው አቋም ላይ ሳለ መለካት እንዳለበት መመሪያው ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ሲሊንደሮቹ ሲዘረጉና ሲሰበሰቡ የሚይዙት መጠን ስለሚለያይ ማጠራቀሚያው በአንደኛው አቋም ጎደሎ፣ በሌላው ሙሉ ሆኖ ይታያል። በተሳሳተው አቋም የሞላ ሰው ዘይቱን ምንጣፉ ላይ ያገኘዋል።

8. 6 ተቀየመ። ምክር መስጠት ወንጀል ከሆነ ዳግመኛ እንደማይጽፍ አስታወቀ። (በ17 ላይ ተመልሷል።)

9. በዚህ ክር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ምላሽ ይህ ነው። ዴንቨር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ጥገና ያሳለፉ አባት ናቸው የጻፉት፤ ከዚህ በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጠራናቸው። ምን ተበላሸ ከማለት በፊት የት ቆመ፣ እንዴትስ ቆመ ብለን እንድንጠይቅ አሳሰቡ። የደከመ ፓምፕ ወይም የጎደለ ዘይት ሥራውን በአንድ ቁርጥ ያለ ቦታ አያቆምም። ያቃስታል፣ ይዘገያል፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ይቆማል፤ ፓምፑም እያጓራ ጣሪያው ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። የእኔው ግን ሁልጊዜ ስንዝር ላይ ነው የሚቆመው፤ ፓምፑም የሚጠፋው ደክሞት ሳይሆን ተው ስለተባለ ነው። ተው ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

ቀጥለው ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚያስብ አስረዱ። ጣሪያው ዓይን የለውም። በየማጠፊያው የተቀመጡ ትንንሽ ስዊቾች ናቸው ክዳኑ ተከፍቷል፣ ቁልፉ ተላቅቋል፣ ጣሪያው ተኝቷል እያሉ የሚነግሩት። አንዱ ዝም ካለ ቀጣዩ እርምጃ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድ ኖሮ ጣሪያው የተዘጋውን ክዳን ይደበድብ ነበር። ስለዚህ ከእኔ የፈለጉት ጆሮዬን ብቻ ነበር፦ ፓምፑ የሚጠፋው ከእንቅስቃሴው ጋር እኩል ነው ወይስ እንቅስቃሴው ከቆመ በኋላም ያጓራል? እኩል ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው፤ ካጓራ ዘይት፣ ቫልቭ ወይም ሲሊንደር ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ፊውዙንና ሪሌውን (ለፓምፑ ኃይል የሚያቀብለውን ማብሪያ) ማየት ይቀድማል።

በመጨረሻም አስጠነቀቁ። የዚህ ሥርዓት ግፊት በብዙ መኪኖች ከ100 ባር ይበልጣል። የሚፈስበትን ቦታ በጣት እየዳሰሱ መፈለግ አይገባም፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ካርቶን ወይም ወረቀት ማስጠጋት ይበቃል። ከክዳኑ ሥር የሚሠራ ሰውም መጀመሪያ በጠንካራ እንጨት ይደግፈው።

10. 4 በቁጣ ተመለሰ። አውሮፕላን ሌላ መኪና ሌላ መሆኑን፣ ጋሼ ስንት ጣሪያ እንደጠገኑም ማወቅ እንደሚፈልግ ጻፈ።

11. ጋሼ አንድም ጣሪያ እንዳልጠገኑ በጨዋነት መለሱ፤ ፓምፑን ሳያይ የፈረደው 4 በጠገነው ጣሪያ ብዛት ከእሳቸው ቢበልጥም፣ በዚህኛው መኪና ላይ ግን ሁለቱም እኩል ዜሮ እንደሆኑ አከሉበት። ለዚህ ከሌላው ምላሽ ሁሉ የበለጠ ሰው ድጋፉን ሰጠ።

12. አንድ ታሪክ ወዳድ ወሬውን ወደ ፈረንሳይ ወሰደው። ይህን ብረት ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፈው ዦርዥ ፖላን የጥርስ ሐኪም እንደነበረ፣ ንድፉም በፔዦ ኤክሊፕስ መኪኖች ላይ እንደወጣ፣ ሰውየውም በኋላ ናዚዎችን በመቃወሙ በ1942 እንደተረሸነ ጻፈ።

13. ሌላው ይህ ሁሉ ልብ ወለድ ነው፤ የሚታጠፍ ብረት ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው መርሴዲስ ኤስኤልኬ የተጀመረ ነው ብሎ ተከራከረ። ታሪክ ወዳዱ እዚያው ላይ ፎርድ ስካይላይነር ከ1957 እስከ 1959 እየተመረተ በብዛት መሸጡን አስታወሰው። እኔን የገረመኝ ግን የፎርዱ ጣሪያ ሃይድሮሊክ አለመሆኑ ነው፦ ሁሉም ነገር በኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ በሪሌዎችና በረጅም ሽቦ ነበር የሚሠራው። ጋሼ የሚሉት ስዊች የጀመረው ዘንድሮ አይደለም ማለት ነው።

14. ከአዲስ አበባ የጻፈው ጣሪያው የሚከፈት መኪናውን ለሠርግ የሚያከራይ ሰው ነው። ጥር ለእሱ መከር ነው። አንድ ዓመት እንጦጦ ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሥተው ሲያበቁ ብርዱ መጣ፤ ጣሪያው ግን ሳይዘጋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። የሙሽራይቱ ቬሎ በነፋሱ እየተውለበለበ ሚዜዎቹ ሊጎትቱት ሲረባረቡ ያስቆማቸው እሱ ነው። በቅድሚያ ፓምፑ ላይ ያለውን የግፊት መልቀቂያ ብሎን በባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ አላላ፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት መንገድ ሲያገኝ ጣሪያው በእጅ ይነሣል። ከዚያ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ሆነው እኩል አነሡት። ብሎኑ ሳይላላ የሚታገል ሰው፣ ወይም በአንድ በኩል ብቻ የሚያነሣ፣ የጣሪያውን አጥንት ያጣምማል። የተጣመመ አጥንት ደግሞ ከፓምፕ የባሰ ወጪ ነው። ብሎኑ መልሶ ካልጠበቀም ጣሪያው በቁልፉ አይታዘዝም፤ ይህን ረስቶ ሌላ ሦስት ቀን ብልሽት ሲፈልግ እንደባጀ በግልጽ ተናገረ።

ሲጨርስ፣ ከሰለቸኝ መኪናዬን ለእሱ እንድልክለት ጠየቀኝ።

15. ይህ ጥያቄ ክሩን ይዞት ጠፋ። አንዱ ጸሐፊ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወሰ።

16 እስከ 19። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ መብራት መጥፋት። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በመካከል 6 ብቅ ብሎ የአጎቱ መኪና ሸቭሮሌት እንደነበረ ነገረን።

20. የእኔን ቅዳሜ ያዳነው ይህ ነው። በእስራኤል ቤር ሸቫ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ ወንድማችን ክሩን ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ ወደ ጋሼ ምላሽ ተመለሰ። ስዊቹ ራሱ ብዙም አይበላሽም፤ የሚበላሸው ሽቦው ነው አለ። ከመኪናው አካል ወደ ኋላው ክዳን የሚሻገረው የሽቦ ጥቅል በማጠፊያው አጠገብ፣ ጥቁር ጎማ ለብሶ ያልፋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል፣ በተዘጋ ቁጥር ይዘረጋል። ከዓመታት በኋላ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፤ የላይኛው ሽፋን ግን ደህና ስለሚመስል በዓይን አይታይም። የጠዋቱንና የከሰዓቱንም ነገር በዚሁ ፈታው፦ ሽፋኑ ሲቀዘቅዝ ኮምተር ብሎ የተበጠሱትን ጫፎች ያገናኛል፣ ሲሞቅ ላላ ብሎ ይለያያቸዋል ብሎ ገመተ። የ4 መላ ምት የተመሠረተበት ያው ማስረጃ መሆኑን ልብ በሉ።

መፈተኛውም ቀላል ነው። አንድ ሰው በቴስተር የእያንዳንዱን ሽቦ ሁለት ጫፍ ይያዝ፤ ሌላው ጥቅሉን ያጣጥፍ። የቴስተሩ ድምፅ ከተቆራረጠ ሽቦው ተበጥሷል። የጣሪያውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ሽቦውን እየነቀነቀ የስዊቾቹ ምልክት ሲለዋወጥ በመሣሪያው መስታወት ላይ ያያል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚያነቡት የሞተሩን ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይረዱም። ሲጠገንም ብየዳው መታጠፊያው ላይ እንዳያርፍ፣ ሽቦውም እንደ ገመድ የሚለመጥ ዓይነት እንዲሆን አጥብቆ አሳሰበ።

21. ይህም የእኔ ነው፤ የኑዛዜ ምላሽ ልበለው። ፓምፕ ማዘዜን የተናገርኩት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ፓምፑ ደረሰ፣ ሳጥኑን ስከፍተው ሞተሩ ዝጓል። የተነቀለበት መኪና የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ በቅጠል ተደፍነው፣ ዝናቡ ፓምፑ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ ተጠራቅሞ አስጥሞት ኖሯል። ወዲያው የራሴን መኪና ቀዳዳዎች ፈተሽኩ። ከአንደኛው የወጣው የበሰበሰ ቅጠል እፍኝ ይሞላል።

ፓምፑን ወደ ጎን ትቼ ከጎረቤቴ ጋር የ20ን ፈተና ጀመርን። መጀመሪያ ግን ጋሼ እንዳዘዙኝ አዳመጥኩ፦ ፓምፑ ከእንቅስቃሴው ጋር እኩል ነው የሚጠፋው። ጥቁሩን ጎማ ወደ ኋላ ስንገፋው ሁለት ሽቦዎች ፈጽመው ተበጥሰው፣ ሦስተኛው በሁለት ክር ተንጠልጥሎ አገኘን። አንደኛው ክዳኑ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን የሚናገረው ስዊች ሽቦ ነው። 14 ዶላር የሽቦ፣ አራት ሰዓት የሁለት ሰው ጉልበት፣ አንድ የተቃጠለ ጣት። ጣሪያው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ልጆቹም ጎረቤቱም ተሰብስበው ሲያዩ ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት። በሰባተኛው ቆመ።

22. ድንጋጤዬን ያበረዱት ጋሼ ናቸው። ፓምፑ ሲግል እንዳይቃጠል የሚያሳርፈው መከላከያ አለው፤ ለትርኢት አልተሠራም አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ስሞክረው ሠራ።

23. 4 መጣ። መሳሳቱን አላመነም፤ ያ አረንጓዴ ዘይት አሁንም እየፈሰሰ እንደሆነ ብቻ አስታወሰ። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ ፓምፑም ያን ጊዜ እውነትም ይሞታል። አጻጻፉ አሁንም ቆጣ ያለ ነው፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ጋሼም 3ም ደገፉት። መኪናው ሁለት በሽታ ነበረበት፤ እኛ ግን አንድ ነው ብለን አንዱ ዘይቱን ሌላው ሽቦውን ይዘን ስንጓተት ከርመናል። በየሲሊንደሩ ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፌ አደርኩ፤ ጠዋት ክዳኑን የሚያነሣው የግራው ሲሊንደር ሥር ያለው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። አስወልቄ 3 ወደነገረችን ዓይነት ባለሙያ ልኬዋለሁ።

24. የአዲስ አበባው ሰው የዛገውን ፓምፕ ካልፈለግሁት እንድሰጠው ጠየቀ። ሞተሩን መርካቶ ያስጠመጥማል፤ የቫልቮቹ ክፍልም ለእሱ መኪና ይሆናል።

25. በሐምሌ ወደ አገር ቤት የምትሄድ የቤቴስዳ፣ ሜሪላንድ እኅት ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ እንዳላት ጻፈች፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ከነበርበሬ ማሰሮዋ ጋር አታስቀምጠውም።

26. ጋሼ ዘይት ያለበት ዕቃ በአውሮፕላን እንደማይጫን አስታወሱን። ፓምፑ አሁን በረንዳዬ ላይ፣ ባልዲ ላይ ተዘቅዝቆ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ዛሬ ጠዋት ሳየው አንድ ጠብታ ብቻ ነው የወረደው።